በእኔ አፍ ያልወጣው ስብከት

ነገሌ ቦረና ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ስብከት ሁለቴ ይሰማል። ሰባኪው በአማርኛ አንድ ሐሳብ ተናግሮ ዝም ይላል፤ ከጎኑ የቆመው አስተርጓሚ በኦሮምኛ ይደግመዋል፤ ከዚያ ሰባኪው ይቀጥላል። በዚህ የተነሳ አጭር የሚባል ስብከት የለንም። ልጆች ይተኛሉ፤ ሽማግሌዎችም "እያሰላሰልን ነው" ብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከጉባኤው አብዛኛው ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚያውቅ በቀልዱ ሁለቴ ይስቃል፤ አስተርጓሚው ሲሳሳት ደግሞ ከተቀመጠበት ያርመዋል። "እንደሱ አላሉም!" የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር ይመጣል። ለብዙ ዓመታት ያ ድምፅ ሲመጣብኝ የኖርኩት እኔ ነኝ።

የልጆች እናት ነኝ፤ ሥራዬም መምህርነት ነው። ማስተርጎሙን የጀመርኩት የቀድሞው አስተርጓሚ ወደ ያቤሎ ተዛውሮ ሲሄድ፣ ሌላ ሰው እስኪገኝ ተብሎ ነበር። ሌላ ሰው አልተገኘም። ሥራው አንድ ጥብቅ ደንብ አለው፤ አስተርጓሚ "እሳቸው እንዲህ ይላሉ" አይልም። ሰባኪው "እኔ" ካለ አስተርጓሚውም "እኔ" ይላል። አንድ ጊዜ ፓስተራችን "ሚስቴን ሳገባ አንድ ሱሪ ብቻ ነበረኝ" አሉ። እኔም ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ "ኒቲ ቲያ" ብዬ ሚስቴን እንዴት እንዳገባሁ በኦሮምኛ ተረኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ገበያ ስወጣ ቅቤ ሻጮቹ "አካም፣ ናጋ? ሚስትሽ ደህና ናት?" እያሉ ለወራት ቀለዱብኝ።

ከፊት በሁለተኛው ረድፍ፣ ልክ በእኔ ትይዩ፣ እናቴ ትቀመጥ ነበር። እናቴ የጉጂ ልጅ ናት። አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚህ የሰፈረ ወታደር ነበር፤ መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን ወደ ሀገሩ ሳይመለስ ጎማ እየጠገነ እዚሁ ኖረ፣ እዚሁ ሞተ። እናቴ ከእሱ ጋር ያን ያህል ዘመን ኖራም ገበያ የሚያደርስ አማርኛ እንጂ ስብከት የሚያደርስ አማርኛ አልያዘችም። ፓስተሩ ሲናገሩ ወደ እሳቸው አትመለከትም፤ ተራዬ ደርሶ አፌን ስከፍት ቀና ትላለች። የእግዚአብሔርን ቃል የምትሰማው በልጇ አፍ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ የውሃ ፓምፕና የጄኔሬተር መካኒክ ነው። በቆላው የተቆፈሩ የጥልቅ ውሃ ጉድጓዶች ሲበላሹ የሚጠራው እሱ ነው። ከብቶቹ ውሃ አጥተው ሲያገሱ፣ አርብቶ አደሮቹ ዙሪያውን ቆመው ሲያዩት መሥራት ለምዷል። እሁድም እጁን ቢያሽ ቢያሽ ሽታው አይለቀውም ነበር። እናቴ "የእኔ ልጅ ናፍጣ የሚሸት ክርስቲያን ነው" እያለች ትስቅበት ነበር።

ወጣቶች በየከተማው ሰልፍ በሚወጡበት ዘመን፣ ወንድሜ ከአንድ ጉድጓድ ጥገና ሲመለስ፣ መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ መኪና ሊቀይር ወረደ። የከተማዋን ስም አልጽፍም። ጠዋት እዚያ ሰልፍ ነበር፤ እሱ ሲደርስ ሰልፉ ተበትኖ ፖሊሶች መናኸሪያው ላይ ያገኙትን ወጣት ሁሉ እየሰበሰቡ ነበር። ቦርሳው ውስጥ የብሎን መፍቻ ቁልፍና የፓምፕ ብረት አገኙ። ለምን እንደያዘው ጠየቁት፤ ነገራቸው። አላመኑትም፤ ወይም ለማመን ጊዜ አልነበራቸውም። ግቢ አስገብተው በዱላ መቱት። ጭንቅላቱን ለመከለል ግራ እጁን ሲያነሳ አንጓው ላይ ተሰበረ።

ከሚመቱት መካከል አንዱን አወቀው። ቤተሰቡ ነገሌ የሚኖር፣ እረፍት ሲወጣ ከእኛ ጋር የሚያመልክ፣ ከእናቴ በስተኋላ የሚቀመጥ ሰው ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሁላችንም የምንጠራራው ወንድም፣ እህት እየተባባልን ነው። ወንድሜ በደሙ መሃል "ወንድሜ፣ እኔ እኮ ነኝ" አለው። ሰውየው አየው፤ ከዚያም ከበፊቱ የባሰ መታው። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ስለ እጁ ስብራት ካወራው ይልቅ ስለዚህች ቃል ያወራው ይበዛል።

ሊያወጣው የሄደው ጎረቤታችን ነው። ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ የእህልና የሸቀጥ ሱቅ አለው፤ አይሱዙው በዚያ መስመር ይመላለሳል። እናቴን ጋቢና አስቀምጦ ወሰዳት። ቀኑን ሙሉ ጣቢያው በር ላይ አብሯት ቆመ፤ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ጠራ፤ እሷንም "ኦብሲ፣ ሃዳ፣ ኦብሲ" እያለ አጽናናት። ትዕግሥት አድርጊ፣ እናቴ ማለቱ ነው። ወንድሜን ሳይከሱት፣ ፍርድ ቤት ሳያቀርቡት "ሂድ፣ አርፈህ ተቀመጥ" ብለው ለቀቁት። ከቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው አልነበረም። ፓስተሩ የሆነውን ሁሉ፣ ማን እንደመታውም ጭምር፣ ከወንድሜ አፍ ሰምተው "እንጸልይበታለን" አሉ።

በሚቀጥለው እሁድ እንደ ልማዴ መድረክ ላይ ቆምኩ። ወንድሜ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ከእናቴ ጎን ተቀምጧል። ፓስተሩ ያነበቡት ሐዋርያው ለሮሜ ክርስቲያኖች ስለ ባለሥልጣን የጻፈውን ክፍል ነበር። ፓስተሩን ክፉ ሰው አድርጌ ልስላቸው አልፈልግም። አባቴን የቀበሩት እሳቸው ናቸው፤ ወንድሜንም ያጠመቁት እሳቸው። ወጣቶቹ እንዳይታፈሱ ፈርተው ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ማን ምን ሊሰማ እንደመጣም አይታወቅም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቃላት ያለ ችግር ተረጎምኩ። ከዚያ ፓስተሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "በእጁ በትር የያዘውን ሰው የሾመው እግዚአብሔር ነው፤ ክፉ ያላደረገ ሰው አይፈራውም" አሉና ዝም አሉ።

ተራው የእኔ ነው። እናቴ ቀና አለች።

አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ኦሮምኛው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ምላሴ ላይ ነበር። ፓስተሩ ያልሰማሁ መስሏቸው ደገሙት። እኔ የእናቴን ፊት እያየሁ ቆሜያለሁ። ይኼኔ ከኋላ ወንበር፣ ሁልጊዜ የሚያርሙኝ ሽማግሌ፣ ቃሉ የጠፋኝ መስሏቸው ሊረዱኝ ብለው ሙሉውን በጥሩ ኦሮምኛ፣ ጮክ ብለው ተረጎሙት። አንድም ነገር አላጎደሉም። በዕድሜዬ በደግ ሰው ላይ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። እናቴ ወደ ኋላ ዞር ብላ ሽማግሌውን አየች፤ ከዚያ የወንድሜን ክንድ አየች። ማይክራፎኑን አስቀምጬ ወርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ስብከቱን እስከ መጨረሻው ከወንበራቸው ሆነው ተረጎሙ።

ስንወጣ ወንድሜ ፓስተሩን በሩ ላይ ጠበቃቸው።

"ፓስተር፣ እኔ ክፉ አድርጌ ነው?" አላቸው።

"እኔ እንደሱ አላልኩም፣ ልጄ።"

"እርስዎ አላሉም፤ ስብከቱ ብሏል።"

ፓስተሩ ትከሻውን ሊይዙት እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ወደ ኋላ አለ። "ሰው ይቀጣልኝ አላልኩም" አለ። "እዚሁ መድረክ ላይ፣ ይሄ የተደረገው ነገር ኃጢአት ነው ይባል። የተባለ ቀን እመለሳለሁ።" ይህን ብሎ ሄደ። እጁ እንደነገሩ ከገጠመ በኋላ ዶሎ ኦዶ፣ የስደተኞች ካምፕ ውሃ ፓምፖች ላይ ሥራ አገኘ። የግራ እጁ አንጓ እስከ ዛሬ አይዞርም፤ ብሎን ሲፈታ በክንዱ ሙሉ ነው የሚጠመዝዘው።

ፓስተሩ በዚያው ሳምንት ቤታችን መጡ። እንደተቆጣሁ ያውቃሉ፤ እኔም አልደበቅኩም።

"ክፍሉን እኔ አልጻፍኩትም" አሉኝ። "መጽሐፉ ውስጥ አለ።"

"ጌታን በሊቀ ካህናቱ ግቢ በጥፊ የመታው ሎሌም መጽሐፉ ውስጥ አለ" አልኳቸው። "ጌታ ዝም አላለውም። ለምን ትመታኛለህ ብሎ ጠይቆታል።"

"ጠየቀ እንጂ አልተሳደበም።"

"እኛስ መጠየቁ አይደል ያቃተን፣ ፓስተር?"

"እኔ ጠይቄ በማግስቱ አዳራሹ ቢታሸግስ? ልጆቹን ከመዘምራን ልምምድ ላይ ቢወስዷቸውስ? ለእናቶቻቸው አንቺ ትነግሪልኛለሽ?" አሉኝ። ፈሪ ብዬ ልንቃቸው ፈልጌ አቃተኝ። ልስማማቸውም አልቻልኩም። ሲነሱ "ለጊዜው ከማስተርጎም እረፊ" አሉኝ፤ አረፍኩ።

በእኛ ዘንድ የጌታ እራት ከመቅረቡ በፊት ባለው እሁድ "የተጣላ ይታረቅ" ተብሎ ይታወጃል። ያልታረቀ ሰው አይቀርብም። ሰው ሁሉ ረድፍ በረድፍ እየተነሳ ወደ ጠረጴዛው ስለሚሄድ ያልተነሳ ሰው ተሰውሮ አይቀርም፤ ከጎኑ ያሉት ጉልበቱን ተሻግረው ነው የሚያልፉት። ወንድሜ ከሄደ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው እራት እናቴ አልተነሳችም። አንድ ሽማግሌ መጥተው ጎንበስ አሉና "እማማ፣ እርስዎ ከማን ተጣሉ?" ብለው ጠየቋት።

"ልጄ ውጭ ነው" አለች።

ከዚያ ወዲያ እራት በቀረበ ቁጥር እንደተቀመጠች ትቀር ነበር። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ፖሊሱ እረፍት ላይ ሲሆን መምጣቱን አለማቆሙ ነው። ተነስቶ ይቀርባል። አንዳንዴ መተላለፊያው ሲጠብ በእናቴ ረድፍ በኩል ያልፍ ነበር፤ እሷም ጉልበቷን ሰብስባ ታሳልፈዋለች። እኔ ጥርሴን ነክሼ ጣራ ጣራውን አያለሁ።

ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። አንድ ቀን እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ፖሊሱን ይዘው እናቴ ዘንድ መጡ። ማታ እናቴ የነገረችኝ አጭር ነበር፤ "መጡ፣ ወተት ሰጠኋቸው፣ ጸለዩ፣ ሳይናገር ሄደ።" እናቴ ባደገችበት ወግ፣ ሽማግሌ አንድን ሰው ይዞ ወደ በደለው ሰው ቤት ሲመጣ፣ ሰውየው መጀመሪያ ያደረገውን በአፉ ይናገራል። እውነቱ ሳይወጣ እርቅ አይጀመርም። ስለዚህ ቁጭ ብላ እስኪናገር ጠበቀችው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መንገድ ሌላ ነው፤ በጸሎት ይጀምራሉ፣ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ያስብላሉ፣ ያቃቅፋሉ፣ ይዘምራሉ። የተደረገው ነገር ምን እንደሆነ የሚያነሳ የለም፤ ቁስል መነካካት ይሆናል ይላሉ። ሁለቱ ወገኖች እናቴ ቤት ተገናኝተው አንዱ ሌላው ምን እንደሚጠብቅ ሳያውቅ ተለያዩ።

በሚቀጥለው እሁድ "ታርቀዋል" ተብሎ ምስጋና ቀረበ። እናቴ ግን ተነስታ አልቀረበችም። ያን ጊዜ ስሟ "እልኸኛ" ሆነ። በደል የደረሰበት ሰው እልኸኛ ለመባል ምን ያህል ፈጣን መንገድ እንዳለው አይቻለሁ።

ዓመታት አለፉ። መንግሥት ላይ ለውጥ መጣ፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እስር ቤት ውስጥ ስለተሠራው ግፍ በግልጽ መናገር ጀመሩ። ፓስተሩም አንድ እሁድ "በሀገራችን ብዙ ግፍ ተፈጽሞ ነበር" አሉ። ደስ ብሎኝ ለወንድሜ ደወልኩ።

"'ነበር' አሉ?" አለኝ።

"አዎ።"

"ሬዲዮው ከተናገረ በኋላማ እኔም ነቢይ ነኝ፣ እትዬ" ብሎ ሳቀ። "የኔን ተናገሩ? የዛሬውንስ?"

የእሱን አልተናገሩም። ብዙም ሳይቆይ ቆላው እንደገና ታመሰ። የሚያስሩት ሰዎች የለበሱት ልብስ ተለየ እንጂ ጣቢያ በር ላይ የሚጠብቁ እናቶች እንደገና ታዩ፤ አንዳንዶቹ የተማሪዎቼ እናቶች ነበሩ። መድረኩም ወደ ዝምታው ተመለሰ። እኔ በዚያን ሰሞን ቤተ ክርስቲያኑን ጥዬ ለመሄድ ቃጥቶኝ ነበር። ያስቀረችኝ እናቴ ናት። "እኔ ቁጭ ያልኩት እንዳልሄድ ነው" አለችኝ። "የሄደማ አይታይም።"

ፖሊሱ በዚህ መሃል ሥራውን ለቆ ነገሌ ገባ፤ የወፍጮ ቤት ጥበቃ ሆነ። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አናግሬው አላውቅም።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለኝ። "እናትሽ ይቅር ብለውኛል። ታዲያ ለምንድነው የማይቀርቡት? የባሰ ነገር አለ እንዴ?"

"ይቅር ብለውሃል ያለህ ማነው?"

"እሳቸው ናቸዋ። ቤታችሁ የመጣን ቀን። ሽማግሌው ተርጉመውልኛል።"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እሱ ኦሮምኛ አይሰማም፤ እናቴ የምትለውን የተረጎሙለት እነዚያው ከኋላ ወንበር የሚያርሙት ሽማግሌ ናቸው። መድረክ ላይ አንድ ቃል ሲጎድል የማያሳልፉ ሰው፣ እናቴ ቤት ግን የአስታራቂ ሽማግሌ ወግ ይዟቸዋል፤ ለማስታረቅ የተዋሸ አይቆጠርም ይባል የለ። እናቴ ለእኔ ደጋግማ እንደነገረችኝ፣ ያን ቀን ያለቻቸው "ገና አልተናገረም፤ ሲናገር እሰማለሁ" ነበር። ይህንኑ ነገርኩት።

በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "እኔ ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት በፊታቸው እያለፍኩ..." አለ። አዘንኩለት ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን ያን ሰው ከዱላው ለይቼ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። "መናገር ከፈለግክ ሰው የሚሰማበት ቦታ ተናገር" አልኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ሽማግሌውን ራሷ ጠራቻቸው። "ለናጋ ብዬ ነው፣ ለሰላም" አሏት። "ታዲያ ናጋው የት አለ?" አለቻቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ ንዴቴ ሁሉ ወደ እፍረት ተለወጠብኝ።

ፖሊሱ ፓስተሩ ዘንድ ሄዶ በጉባኤ መሃል ልናገር አለ። ፓስተሩ አቆዩት፤ ዛሬ ነገ ሲሉ ጾሙም በዓሉም አለፈ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ከከለከላቸው ነገር ዋነኛው ሰውየው ሲናገር እሳቸውም መናገር እንደሚኖርባቸው ማወቃቸው ነው። በመጨረሻ አስጠሩኝ። "አስተርጓሚ ይፈለጋል" አሉኝ። "እሱም አንቺ እንድትሆኚ ለምኗል።"

ለወንድሜ ደውዬ እንዲመጣ ነገርኩት። "እኔ እንድሰማው ከሆነ ይቅርበት" አለኝ። "እነሱ ይስሙት። ምን እንደተባለ ብቻ አንቺ ትነግሪኛለሽ፤ አታሳምሪው።"

እሁድ ደረሰ፤ የጌታ እራት የሚቀርብበት እሁድ ነበር። ከዓመታት በኋላ መድረኩ ላይ ወጣሁ። እናቴ ቦታዋ ላይ ነች። ፓስተሩ መጽሐፋቸውን ሳይከፍቱ ጀመሩ። ያንን ስለ ባለሥልጣን የሚናገረውን ክፍል የጻፈው ሐዋርያ፣ ራሱ በአንድ ከተማ ያለ ፍርድ በበትር ተደብድቦ ታስሮ እንደነበር ተናገሩ። በማግስቱ ሹሞቹ በስውር ሂድ ሲሉት እንቢ አለ፤ በሰው ፊት መትተውናል፣ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። "እኔ ክፍሉን ስሰብክ የጻፈውን ሰው ጀርባ ረሳሁ" አሉ። ያለ ፍርድ የሚመታ በትር የእግዚአብሔር በትር አይደለም አሉ። "በዚህች ቤተ ክርስቲያን ልጅ ላይ የተደረገው ኃጢአት ነው። ዛሬም በልጆቻችን ላይ የሚደረገው ኃጢአት ነው። እኔም ፈርቼ ዝም በማለቴ በድያለሁ።" እያንዳንዱን ተረጎምኩ። ፈርቼ ዝም አልኩ፣ በድያለሁ እያልኩ በገዛ አፌ ተናገርኩ፤ ከኋላ ወንበርም ያረመኝ የለም።

ከዚያ ፖሊሱ ወጣ። ሲናገር የሚያየው መሬት መሬቱን ነበር።

"የልጁን እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ" አለ።

ወደ እናቴ ዞሬ የልጅሽን እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ አልኳት።

"ወንድሜ ሲለኝ ሰምቻለሁ። አብዝቼ የመታሁት ስለሰማሁ ነው። ጓደኞቼ እንደምንተዋወቅ እንዳያውቁ ፈርቼ ነው።"

ይህንን ለመድገም ጊዜ ወሰደብኝ። ሰምቻለሁ፣ ስለሰማሁ ነው የመታሁት አልኩ። እናቴ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ወንድሜን የመታሁት እኔ ራሴ የሆንኩ ያህል ተሰማኝ። ሰውየው ይቅርታ ለመነ፤ እኔም ለመንኳት።

እናቴ ሳትነሳ ጠየቀች። "ማን ነው ያዘዘው?"

ወደ አማርኛ መለስኩት። ሰውየው ቀና ብሎ ፓስተሩን አየ። ያኔ አዛዥ የነበረው ሰው ከመንግሥት ለውጡም በኋላ አልወደቀም፤ እንዲያውም ከፍ ብሏል፤ ዘመዶቹም ከመካከላችን ተቀምጠዋል። ፓስተሩ "እማማ..." ብለው ሊናገሩ ጀመሩና ተዉት፤ ተመልሰው ተቀመጡ።

ሰውየው የአዛዡን ስም ተናገረ። ከነአባቱ።

ስም አይተረጎምም። ሁሉም ሰምቶታል፤ እናቴም ሰምታዋለች። ልዝለለው ብል ማንም አያርመኝም ነበር፤ እንዲያውም ብዙ ሰው እንድዘለው ይጸልይ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ነገ ትምህርት ቤት መግባቴ፣ ልጆቼ በዚህ ከተማ መኖራቸው ትዝ አለኝ። በጣም ፈራሁ። ማይክራፎኑን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ ያዘዘኝ እገሌ ነው ብዬ ስሙን ከነአባቱ ደገምኩት። መሃል ላይ ከተቀመጡት ጥቂት ሰዎች ተነስተው ወጡ።

እንጀራውና ጽዋው ሲቀርብ የሁለተኛው ረድፍ ተራ ደረሰ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ከጎኗ ያሉት ሴቶች እንደ ልማዳቸው ጉልበቷን ሊሻገሩ ጎንበስ ብለው ነበርና ደንግጠው ቆሙ። በፊታቸው አለፈች። ከፓስተሩ እጅ ተቀበለች።

ከሰዓት በኋላ ለወንድሜ ደወልኩ። ሳላሳምር ነገርኩት። ፓስተሩ ያሉትን፣ ፖሊሱ ያለውን፣ እናታችን የጠየቀችውን። ከጀርባው የፓምፑ ጄኔሬተር ጩኸት ይሰማኝ ነበር።

"ስሙን ተናገረ?" አለኝ።

"ተናገረ።"

"አንቺስ?"

"እኔም ተናገርኩ።"

"አልፈራሽም?"

"ፈርቻለሁ። አሁንም ፈርቻለሁ።"

ጄኔሬተሩን አጠፋው መሰለኝ፣ ጩኸቱ ቆመ። "ብቻችሁን አትሁኑ" አለኝ። "የነገውን መኪና ይዤ እመጣለሁ።"